ከአክሽን አርፒጂ ወደ ሮግላይክ፦ በክሮውል የመጀመሪያውን ሩን ለማውጣት

ኤልደን ሪንግን ጨርሶ፣ በፓዝ ኦፍ ኤግዛይል ቢልዱን (የካራክተሩን የዕቃና የነጥብ አደላደል) እስከ ጥግ አሳድጎ የመጣ ተጫዋች ሮግላይክ ሲከፍት ብዙ ጊዜ ከአራተኛው ወለል አያልፍም። እጁ ፈዞ አይደለም፤ ጌሙ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። በአክሽን አርፒጂ ያቃታችሁን ቦስ ጊዜ ጨምራችሁ ታሸንፉታላችሁ፦ ተመልሳችሁ ሌቭል ትጨምራላችሁ፣ መሣሪያ ታሻሽላላችሁ፣ የሚመታበትን መንገድ እስክትሸመድዱ ሃያ ጊዜ ትሞታላችሁ። ሮግላይክ ላይ ጊዜ ብድር አይሰጥም። አንዴ ከሞታችሁ ካራክተሩ የለም፣ ካርታውም ሌላ ነው። እዚያ ችግር የሚፈታው ቦርሳ ውስጥ ባለው ዕቃና በወቅቱ በመሸሽ ነው። ስለዚህ እዚህ የምናስተምረው ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ ነው፦ ያለን ነገር ሳይረፍድ መጠቀም።

ለልምምድ የመረጥነው ደንጅን ክሮውል ስቶን ሱፕን ነው፤ ከዚህ በኋላ ክሮውል እንለዋለን። ሩን የምንለው በጌሙ ቅርንጫፎች መጨረሻ ላይ የሚገኘውን፣ ጌሙን ለመጨረስ የሚሰበሰበውን ዕቃ ነው። ሊንሊ ሄንዘል በ1997 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጌም የተወለደ ሲሆን ከ2006 ወዲህ በጎ ፈቃደኞች እያሻሻሉት ይገኛሉ። ነጻ ነው፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ከፈለጋችሁም በብራውዘር ትጫወቱታላችሁ። በተራ የሚሄድ ስለሆነ እናንተ ቁልፍ ካልነካችሁ ጭራቁም አይንቀሳቀስም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በፒንግ ምክንያት የሚሞት ካራክተር የለም።

ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ

በመጀመሪያ የለመዳችሁትን ጌም በቁጥር እንየው። በፓዝ ኦፍ ኤግዛይል የእሳት፣ የብርድና የመብረቅ መከላከያ ጣሪያው በተለመደው ሁኔታ 75% ነው። ከአምስተኛውና ከአሥረኛው አክት (የታሪኩ ምዕራፍ) ፍጻሜ በኋላ ጌሙ በየተራ 30፣ በድምሩ 60 ይቀንስባችኋል። በ75 የነበረ ሰው ምንም ሳያደርግ 15 ላይ ይገኛል ማለት ነው። ያኔ 100 የሚጎዳ የእሳት ምት ቀድሞ 25 ብቻ ያደርስበት ነበር፤ አሁን 85 ያደርስበታል። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ጣት ምንም ቢፈጥን አይሸፍነውም። መድኃኒቱ ግን ግልጽ ነው፦ ቀለበት፣ ቀበቶና ጫማ እየቀየሩ ድምሩን 135 ማድረስና ወደ 75 መመለስ። ዕቃው ከሌላችሁ ስታድኑ ታመሻላችሁ። ስትሞቱ ደግሞ፣ ዘመቻው ካለቀ በኋላ፣ ከሌቭሉ ኤክስፒ (የልምድ ነጥብ) 10% ይቀነሳል። ያናድዳል፤ ግን ነገ ይመለሳል።

ኤልደን ሪንግም በሌላ በኩል ያው ነው። የተሸከማችሁት ክብደት ከአቅማችሁ 70% ሲያልፍ መንከባለሉ ይንቀራፈፋል፤ ከ30% በታች ሲሆን ይቀልላል። አንድ ከባድ ጋሻ አውልቆ 69% ላይ መገኘት ከብዙ ሰዓት ልምምድ የበለጠ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። የስልቱ ጥልቀት ውጊያው ከመጀመሩ በፊት፣ ዕቃና ነጥብ በምትደለድሉበት ገጽ ላይ ነው የሚገኘው። ውጊያው ሲጀመር የሚቀረው የእጅና የዓይን ሥራ ነው።

አክሽን አርፒጂና ሮግላይክ ዘመዳሞች መሆናቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ለሮግላይክ ስሙን የሰጠው ሮግ በ1980 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ1996 መጨረሻ የመጣው ዲያብሎ ደግሞ በመጀመሪያ ሐሳቡ እንደ ሮግ ልጆች በተራ የሚሄድ ጌም ነበር፤ በሥራ ላይ እያለ ነው ወደ ቅጽበታዊ ውጊያ የተቀየረው። በተራ መሄዱ ሲቀር ውሳኔው ከእያንዳንዱ እርምጃ ተነሥቶ ወደ ዝግጅቱ ሄደ። አሁን እናንተ የምትሠሩት ሥራ የዚያ ተቃራኒ ነው፦ ውሳኔውን ከዝግጅት ገጹ አንሥቶ ወደ እያንዳንዱ እርምጃ መመለስ።

ሄዲስን የተጫወተ ሰው «እኔማ ሮግላይክ አውቃለሁ» ሊል ይችላል። ሄዲስ ድንቅ ጌም ነው፤ ግን በሞታችሁ ቁጥር ቤት ተመልሳችሁ ቋሚ ጉልበት ትገዛላችሁ። ጎድ ሞድ የሚባለውን የእፎይታ ሁነታ ከከፈታችሁማ የሚደርስባችሁ ጉዳት በ20% ይቀንሳል፤ ቅነሳውም በየሞቱ 2% እየጨመረ እስከ 80% ይደርሳል። እዚያም ጊዜ ይከፍላል። ክሮውል ይህን አይሰጥም፤ ከአንዱ ሙከራ ወደ ሌላው የሚሻገረው የምታውቁት ብቻ ነው።

ካራክተሩንና ቁልፎቹን ማዘጋጀት

ዘር ስትመርጡ ሚኖታውርን፣ ሙያ ስትመርጡ በርሰርከርን፣ መሣሪያ ስትጠየቁ መጥረቢያን ያዙ። ሚኖታውር ሲመቱት በቀንዱ መልሶ ይመታል፤ መጥረቢያ በአንድ ምት አጠገባችሁ ያሉትን ሁሉ ይቆርጣል፤ በርሰርከር ደግሞ ትሮግ ከሚባለው አምላክ ጋር ይጀምራል፤ ከመጀመሪያው ወለል በርሰርክ ማለትም የቁጣ ጉልበት አለው። ትሮግ አስማት አይፈቅድም፤ ለጀማሪ ይህ ጉድለት ሳይሆን እፎይታ ነው፤ የምትማሩት ነገር ይቀንሳል።

ጣታችሁ ላይ መግባት ያለባቸው ቁልፎች ጥቂት ናቸው። የኦ ቁልፍ ወለሉን ራሱ ያስሳል፤ ጭራቅ ሲታይ ይቆማል። ታብ ቅርብ ወዳለው ጠላት ሄዶ ይመታል። 5 ቁጥር ያሳርፋል። የኤክስ ቁልፍ ዓይናችሁን ጭራቁ ላይ ያሳርፋል፤ ቀጥላችሁ ቪን ስትጫኑ ሙሉ መግለጫው ይከፈታል። ሺፍትና ጂ ወደ ሌላ ወለል ይወስዳል። ኮንትሮልና ኤፍ ያያችሁትን ዕቃ ሁሉ በስም ይፈልጋል፤ «የት ነበር የተውኩት» የሚባል ነገር አይኖርም። ኮንትሮልና ኤስ አስቀምጦ ይወጣል።

ታብ የአክሽን አርፒጂ ሰው ወጥመድ ነው። ደጋግሞ መጫን እንደ ድሮው ማውዝ መጫን ስለሚመስል እጅ ሳያስብ ይሄዳል። ጌሙ ራሱ ይህን ያውቃል፤ ኤችፒያችሁ (የሕይወት ነጥባችሁ) ከግማሽ ሲወርድ ታብ እምቢ ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የአቅጣጫ ቁልፍ እየተጫነ መምታቱን ይቀጥልና ይሞታል። ታብ እምቢ ሲል እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሡና ቦርሳችሁን ክፈቱ። ይህቺ አንዷ ልማድ ከቀረው መመሪያ ግማሹን ታክላለች።

ከወለል 1 እስከ 4፦ የት እንደምትቆሙ

በዋናው ጉድጓድ በአብዛኛው ወለል ሦስት መውጫና ሦስት መውረጃ ደረጃዎች አሉ። ደረጃ የመተላለፊያ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ያላችሁ ትልቁ መሣሪያ እሱ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ደረጃ ስትወጡ አብሯችሁ የሚመጣው በዚያች ቅጽበት አጠገባችሁ የነበረ ጭራቅ ብቻ ነው፤ የቀሩት ታች ይቀራሉ።

ኖል የሚባሉ አራት ጭራቆች በር ላይ ብቅ አሉ እንበል። ክፍት ክፍል ውስጥ ከጠበቃችኋቸው አራቱም በአንድ ተራ ይመቷችኋል። ኮሪደር ውስጥ ብትገቡ ይሻላል፤ ግን ኖሎች ብዙ ጊዜ ጦር ወይም ረጅም መሣሪያ ስለሚይዙ ከፊተኛው ጀርባ ያለውም ይደርስባችኋል። ስለዚህ፦

1. ስታዩአቸው ወደ እነሱ አትሂዱ። የወረዳችሁበት ደረጃ ላይ ተመልሳችሁ ቁሙ።
2. አንድ ወይም ሁለት አጠገባችሁ እስኪደርሱ ጠብቁ። ሦስተኛው እስኪጠጋ አትጠብቁ።
3. ውጡ። ተከትለዋችሁ የመጡትን ላይ ግደሉ።
4. ኤችፒ ሙሉ እስኪሆን በ5 ቁጥር አርፉ፤ ከዚያ ተመለሱ። የቀሩት ደረጃው አካባቢ ይጠብቋችሁ ይሆናል፤ ገና እንደወረዳችሁ ውጊያ እንደሚኖር አስቡ።

በአክሽን አርፒጂ ማፈግፈግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ጭራቁም ብዙ ጊዜ ኤችፒው ሞልቶ ይጠብቃችኋል። እዚህ ግን አራት ለአንድ የነበረውን ውጊያ አንድ ወይም ሁለት ለአንድ አደረጋችሁት፤ ያወጣችሁት ወጪ ምንም ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

አይጥና ጃካል ከሆኑ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የመጥረቢያ ጥቅም ብዙ ጠላት ሲከብባችሁ ነው፤ ስለዚህ ለደካማ መንጋ ግድግዳ ተደግፋችሁ ሦስቱ በአንድ ጊዜ እንዲጠጉ ፍቀዱ። ጃካልን ደግሞ ሮጣችሁ አታመልጡትም፤ ከእናንተ ይፈጥናል። አደር የሚባለው እባብም እንዲሁ። የጭራቁ መግለጫ ፈጣን መሆኑን ይነግራችኋል፤ ፈጣን ከሆነ መሸሽን ከምርጫችሁ አውጡና ሌላ አስቡ።

ኦግርን በቅርበት

ከወለል 3 ገደማ ጀምሮ ግዙፍ ዱላ የያዘ ኦግር ይመጣል። ይህን ጭራቅ በቅርበት እንየው፤ ብዙ ሰው የሚማረው በእሱ ነው።

ገና ከሩቅ ሲታይ የኤክስ ቁልፍን፣ ቀጥሎ ቪን ተጫኑ። መግለጫው ከፍተኛው ምት ስንት እንደሆነና የመምታት ዕድሉ በመቶ ስንት እንደሆነ ይጽፋል። ጌሙ በየጊዜው ስለሚታደስ ቁጥሩን ከስክሪኑ አንብቡ እንጂ ከሰው አትስሙ። ለምሳሌ ስክሪኑ «እስከ 30» ቢል፣ እናንተ ደግሞ 42 ኤችፒ ቢኖራችሁ፣ ከፍተኛውን ምት በሁለት አባዙት፦ 60። ከኤችፒያችሁ በልጧል። ስለዚህ ይህን ውጊያ አሁን ባለበት መልክ አትጀምሩትም። ለምን በሁለት? አንዱ ምት ካረፈ በኋላ እናንተ አንድ ነገር ለማድረግ አንድ ተራ ያስፈልጋችኋል፤ በዚያች ተራ ሁለተኛው ሊያርፍ ይችላል።

ያሏችሁ ምርጫዎች፦ የሚወረወር ነገር ካላችሁ፣ ጃቬሊንም ሆነ ድንጋይ፣ እስኪደርስ ወርውሩ፤ ወይም ደረጃ ላይ ሆናችሁ ጠብቁና ከከፋ ውጡ፤ ወይም በርሰርክ አድርጉ። በርሰርክ ኤችፒን፣ ጉልበትንና ፍጥነትን በአንድ ጊዜ ይጨምራል። ስህተቱ ሁልጊዜ ሰዓቱ ላይ ነው፦ ሰው 12 ኤችፒ ሲቀረው ይጠቀመዋል። ኦግሩ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ነው መጠቀም። በተጨማሪም በርሰርክ ላይ እያላችሁ ፖሽን (የሚጠጣ አስማታዊ ፈሳሽ) መጠጣትም ስክሮል (ሲነበብ የሚሠራ አስማታዊ ጽሑፍ) ማንበብም አትችሉም፤ ሲያልቅ ሰውነቱ ይዝላል፣ ለተወሰነ ጊዜም መድገም የለም። ስለዚህ ከኦግሩ ጀርባ ሌላ የሚመጣ ካለ በርሰርክ መውጫችሁን ይዘጋል። አንድ ጠላት፣ ባዶ ወለል፣ ያኔ ተጠቀሙ።

ስም ያላቸው ጭራቆች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሲግመንድ ያምታታል፣ ይሰወራል፣ ማጭዱም ከባድ ነው። ግራይንደር ሽባ ያደርጋል፤ ሽባ የሆነ ሰው ተራ የለውም። በዚህ ሌቭል ሁለቱንም ስታዩ ወለሉን በሌላ ደረጃ ትታችሁ መሄድ ውርደት አይደለም፤ ኋላ ጠንክራችሁ ትመለሳላችሁ።

ያልታወቀ ዕቃ

ስክሮልና ፖሽን ስታነሡ አብዛኛው ምን እንደሆነ አይታወቅም። የአክሽን አርፒጂ ተጫዋች «ለክፉ ቀን» ብሎ ያስቀምጣቸዋል፤ ክፉው ቀን ሲመጣ የትኛው ማምለጫ እንደሆነ ስለማያውቅ ሙሉ ቦርሳ ይዞ ይሞታል።

ስክሮል እንዲህ አንብቡ፦ ወለሉ ከተጸዳ በኋላ፣ ኤችፒ ሙሉ ሆኖ፣ መውጫ ደረጃ ላይ ቆማችሁ። በብዛት ካገኛችሁት ጀምሩ። አንዳንዱ ጩኸት ያሰማል፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ቦታ ይወረውራችኋል፤ ደረጃ ላይ ከሆናችሁ አብዛኛው ክፋት አንድ ቁልፍ በመጫን ያልፋል። ፖሽንም በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካላችሁ ዓይነት ጀምራችሁ ሞክሩ። ውጊያ መሐል ያልታወቀ ነገር መጠጣት ሎተሪ ነው።

የታወቁት ማምለጫዎች አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም፤ ብዙ ሞት የሚመጣው እነሱን በማምታታት ነው። የቴሌፖርት ስክሮል ወዲያው አይሠራም፤ ጥቂት ተራ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚነበበው ገና ግማሽ ኤችፒ ላይ ነው። የብሊንክ ስክሮል ወዲያው፣ በዓይን ወደሚታይ ቦታ ያዘልላል፤ ይህ ለመጨረሻዋ ተራ ነው። የፎግ ስክሮል ጉሙን ዘርግቶ እይታን ይጋርዳል፤ ለቀስተኛና ለአስማተኛ እንጂ አጠገባችሁ ለቆመ ኦግር አይረባም። ፈዋሽ ፖሽን ደግሞ ችግር አይፈታም፤ አንድ ተራ ይገዛላችኋል። ጠጥታችሁ እዚያው ከቆማችሁ ኦግሩ ፖሽኑን መልሶ ያፈሰዋል። ስትጠጡ የሚቀጥለው እርምጃ ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።

ነጥብ መደልደል

እዚህ ላይ የቢልድ እውቀታችሁ ይጠቅማል፤ ደስ ይበላችሁ። በኤም ቁልፍ የክህሎት ገጹን ክፈቱና ሁሉንም አጥፉ፤ መጥረቢያን ብቻ አብሩ። ክህሎት ሲጨምር ምቱ ይፈጥናል፤ በየሁለት ነጥቡ የምት ጊዜ በ0.1 ተራ ያጥራል፣ እስከ ገደቡ ድረስ። የጦር መጥረቢያ ሲጀመር 1.5 ተራ ይፈጃል፤ ገደቡ 0.7 ነው፣ የሚደርስበትም በክህሎት 16 ነው። ይኸው ቁጥር መሣሪያው መግለጫ ላይ ተጽፏል። ከገደቡ በኋላ የምትጨምሩት ነጥብ ፍጥነት አይሰጥም፤ ያኔ ወደ ትጥቅና ወደ ፍልሚያ ክህሎት አዙሩት። በመሐል፣ መጥረቢያው 8 ወይም 10 ገደማ ሲደርስ፣ ለሁለቱ ትንሽ ማካፈል እንመክራለን፤ ኤችፒ ሳይጨምር መምታት ብቻ የቻለ ካራክተር ወለል 8 ላይ ይሰበራል።

አምስት ክህሎት በእኩል ማሳደግ ግን ገዳይ ነው። ኤክስፒው የተወሰነ ነው፤ ከጉድጓዱ ያለቀ ጭራቅ አይመለስም፣ ስለዚህ የተበተነውን ነጥብ ኋላ በማደን አትሞሉትም።

ሌየርና ሩኑ

ከወለል 8 እስከ 11 ባለው ውስጥ ሌየር የሚባለው ቅርንጫፍ መግቢያ ይገኛል። ስታገኙት ዋናውን ጉድጓድ ተዉና እሱን አስቀድሙ። 5 ወለል ነው፤ በአብዛኛው እንስሳት ስለሆኑ ከሩቅ የሚተኩስና አስማት የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ ለመጥረቢያ ሰው የተሠራ ይመስላል። ያክ በመንጋ ሲመጣ የደረጃውን ዘዴ ድገሙ።

እዚህ ላይ መጥረቢያ የሚከዳችሁ አንድ ቦታ አለ፦ ሃይድራ። በስለት ራሷን ስትቆርጧት በቦታው ሁለት ይበቅላል፤ እያንዳንዱ ራስ ደግሞ በየተራው ይነክሳል። ብዙ በመታችኋት ቁጥር ብዙ ትነክሳለች። ስለት የሌለው ዱላ ቦርሳ ውስጥ ያዙና ስታዩአት ቀይሩ፤ የእሳት መጥረቢያ ካገኛችሁ ቁስሉን ስለሚያቃጥለው ራሱ አይበቅልም። ሁለቱም ከሌሉ ውጡ፤ ውኃ ውስጥ ትፈጥናለች፣ ስለዚህ ከውኃው ዳር ራቁ።

ከሌየር ውስጥ ወደ ሩኖቹ የሚወስዱ ሁለት ቅርንጫፎች ይከፈታሉ፦ ከረግረጉና ከባሕር ዳርቻው አንዱ፣ ከእባቡ ጉድጓድና ከሸረሪቱ ጎጆ አንዱ። እያንዳንዱ 4 ወለል አለው፤ ሩኑ መጨረሻው ላይ ነው። ዕጣው እባብ ወይም ሸረሪት ከሆነ የመርዝ መከላከያ ሳትይዙ አትግቡ፤ በዚህ ውስጥ «እንሞክረው» የለም። መከላከያው ከሌላችሁ ወደ ዋናው ጉድጓድ ተመልሳችሁ የቀሩትን ወለሎች እያሰሳችሁ ፈልጉት። የእባቡ ጉድጓድ ናጋዎች (ግማሽ እባብ የሆኑ ጭራቆች) ሲራመዱ ቀርፋፋ ናቸው፤ ካስቸገሯችሁ ተራምዳችሁ ከዓይናቸው ትወጣላችሁ።

አራተኛው ወለል ላይ ስትደርሱ ደረጃው ዙሪያ ከተከበበ ተመለሱና ከሦስቱ በሌላኛው ውረዱ። ወለሉን ሁሉ መግደል ግዴታ የለም፤ ሩኑን አንሥቶ መውጣት በቂ ነው። ጌሙን ለመጨረስ፣ ዞት ወደሚባለው የመጨረሻ ቅርንጫፍ ለመግባት ሦስት ሩን ያስፈልጋል፤ ካሉት 15 ውስጥ ማለት ነው። የመጀመሪያው ግን ከሁሉ ይከብዳል።

ስትሞቱ

ክሮውል ካራክተሩ ሲሞት የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፦ ቦርሳው ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ የመጨረሻዎቹ መልእክቶች፣ በዙሪያው የነበሩት ጭራቆች። አዲስ ከመጀመራችሁ በፊት ክፈቱት። መጀመሪያ ወደ ቦርሳው ዝርዝር ሂዱና ሳይነበቡና ሳይጠጡ የቀሩትን ቁጠሩ። ቀጥሎ መልእክቶቹን ከታች ወደ ላይ አንብቡና ኤችፒው ግማሽ የነበረበትን መሥመር ፈልጉ። ከዚያ መሥመር ጀምሮ ያደረጋችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ «መታሁ፣ መታሁ፣ መታሁ» ይላል። እዚያ ቦታ ላይ ቴሌፖርት ብታነቡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቡ። አምስት ፋይል ሲጠራቀም ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ ያው ጭራቅ ሁለቴ ከታየ መግለጫውን ተመልሳችሁ አጥኑ።

እስከ አሥር ሙከራ ድረስ ዘሩንም ሙያውንም መሣሪያውንም አትቀይሩ። ካራክተር መቀየር ችግሩን ወደ ቢልዱ ያዞረዋል፤ በሦስተኛው ወለል ያለው ኦግር ግን የቢልድ ጥያቄ አይደለም።